ደብረ ብርሃን ላይ የባሕር ዓሣ ለማኖር መጀመሪያ ምን ይገዛል?

(በደብረ ብርሃን ለዓሣ ወዳጆችና ለተማሪዎች በቃል የቀረበ ንግግር ነው። ለንባብ እንዲመች ጥቂት ተስተካክሏል።)

እንደምን ዋላችሁ። በዚህ ብርድ ከቤታችሁ ወጥታችሁ ስለ ባሕር ዓሣ ለመስማት መምጣታችሁ በጣም ደስ ብሎኛል።

ዛሬ የማወራው ስለ ዕቃ ነው። ስለ ዓሣው ውበት ብዙ አልልም። እሱን ሁላችሁም በስልካችሁ አይታችሁታል፤ እዚህ ያመጣችሁም እሱ ነው። እኔ ላስረዳችሁ የምፈልገው አንድ ነገር አለ። ስለ ጨው ውሃ አኳሪየም፣ ማለትም ስለ ባሕር ዓሣ ገንዳ፣ የሚነገረው ምክር አብዛኛው የባሕር ጠረፍ አጠገብ ወይም ሞቅ ያለ ቤት ውስጥ ለሚኖር ሰው የታሰበ ነው። እኛ ያለነው ከባሕር ወለል በላይ ከ2,800 ሜትር ከፍ ብለን ነው። የሚያስፈልገን ዕቃ ያው ነው። ቅደም ተከተሉ ግን ይለያል። ሌላው ሰው መጀመሪያ ስለ አምፖሉና ስለ ጌጡ ያስባል። እኛ መጀመሪያ ማሰብ ያለብን ስለ ሙቀት፣ ስለ አየርና መብራት ሲጠፋ ስለሚተካው ኃይል ነው። ገንዘባችሁም በዚሁ ቅደም ተከተል ይውጣ።

ባሕር ከእኛ ሩቅ ነው። የበረሳ ውሃ ጀማ ይገባል፤ ጀማ ዓባይን ይቀላቀላል፤ ዓባይ ሜዲትራኒያን እስኪደርስ ስንት አገር ያቆራርጣል። በአንኮበር በኩል ቁልቁል የሚወርደው ደግሞ ወደ አዋሽ ነው የሚሄደው። አዋሽ ጭራሽ ባሕር አይደርስም፤ ጅቡቲ ድንበር ላይ አቤ ሐይቅ ውስጥ ያልቃል። ቢሆንም ይህ አገር ለባሕር ፈጽሞ እንግዳ አይደለም። ጀማ ሸለቆ የወረደ ሰው የሚያየው የኖራ ድንጋይ በዳይኖሰር ዘመን እዚህ የነበረ ባሕር ያስቀመጠው ነው። የባሕር እንስሳት ቅሪት በውስጡ ይገኛል። ወደዚህ ድንጋይ በኋላ እመለሳለሁ፤ ጥያቄ እንደሚነሳ አውቃለሁ።

ለምሳሌ እንዲመቸን አንድ ገንዳ እንያዝ። ርዝመቱ 100፣ ወርዱ 45፣ ከፍታው 45 ሳንቲ ሜትር። 200 ሊትር ይይዛል። ለጀማሪ የምመክረው መጠን ነው። ከዚህ ያነሰው ሲታይ ርካሽ ነው። ነገር ግን ውሃው ባነሰ ቁጥር ሙቀቱም ጨዉም ቶሎ ይዋዥቃል። የባሕር ዓሣ ደግሞ መዋዠቅ አይችልም። የኖረው ከዓመት ዓመት ብዙም በማይለወጥ ውሃ ውስጥ ነው።

ይህ ገንዳ ከነውሃው፣ ከነድንጋዩና ከነማስቀመጫው ወደ 3 ኩንታል ይጠጋል። ሦስት ጆንያ ጤፍ አንድ ላይ እንደመከመር ቁጠሩት። ስለዚህ የሳሎን ጠረጴዛ ላይ አይቀመጥም። ብየዳ ቤት ሄዳችሁ በአንግል ብረት አሠሩለት። ጨው ብረት ይበላል፤ ቀለሙን ደጋግማችሁ አስቀቡ፣ በተለይ የተበየደበትን ቦታ። ውሃ ልክ ይዛችሁ አስተካክሉት። ትንሽ ያዘመመ እንደሆነ ክብደቱ ወደ አንድ ጎን ይሄድና መስታወቱን ያስጨንቀዋል። ከመስታወቱ ሥር ቀጭን ፎም አንጥፉ።

መስታወቱን እዚሁ ማስቆረጥ ይቻላል። ለዚህ ከፍታ ባለ 10 ሚሊ ሜትር ይበቃል። ማጣበቂያው ሲሊከን ነው። ለመታጠቢያ ቤት የሚሸጠውንና ሻጋታ መከላከያ ያለበትን ግን አትጠቀሙ፤ መድኃኒቱ ውሃው ውስጥ ገብቶ ዓሣ ይገድላል። ከተጣበቀ በኋላ አንድ ሳምንት ይድረቅ። ከዚያ ግቢ አውጥታችሁ የቧንቧ ውሃ ሙሉትና ሁለት ቀን ተመልከቱት። የሚያንጠባጥብ ከሆነ ሳሎን ከመግባቱ በፊት ግቢ ላይ ይታወቅ።

አቅም ያለው ሰው ከማስቀመጫው ውስጥ፣ ከዋናው ገንዳ በታች፣ ሌላ ትንሽ ገንዳ ያስገባል። ሳምፕ ይሉታል። ውሃው ከላይ በቧንቧ ይወርድና በፓምፕ ይመለሳል። ሂተሩም፣ ቆሻሻ በአረፋ የሚያወጣው ስኪመርም፣ ሌላውም ዕቃ እዚያ ይደበቃል። ጥሩ ነገር ነው፤ ውሃ ይጨምራል፣ ገንዳውም ንጹሕ ሆኖ ይታያል። መብራት ሲጠፋ ከላይ የሚወርደውን ውሃ የሚችል ባዶ ቦታ ሁሌም ይኑረው፤ አለበለዚያ ወለላችሁ ላይ ነው የሚፈሰው። ሳምፕ ከሌላችሁም አትጨነቁ። ገንዳው ጠርዝ ላይ የሚንጠለጠል ስኪመር አለ።

አሁን ወደ ዋናው ነገር ልግባ። ሙቀት።

የሞቃት ባሕር ዓሣ የሚስማማው ከ24 እስከ 27 ዲግሪ ሴንቲግሬድ ያለው ነው። እናንተ 25 ላይ አቁሙት። በኅዳርና በታኅሣሥ እዚህ ውርጭ ይጥላል። ሌሊት ቤታችሁ ውስጥ 12 ዲግሪ ይሆናል እንበል። ልዩነቱ 13 ዲግሪ ነው። 200 ሊትር ውሃ በ13 ዲግሪ ለማሞቅ 3 ኪሎዋት ሰዓት ያስፈልጋል። ባለ 200 ዋት ሂተር ይህን ለመሥራት 15 ሰዓት ይፈጅበታል፤ ያውም ሙቀቱ ምንም ካልባከነ ነው። ሙቀት ግን ይባክናል። በመስታወቱ ይወጣል፤ ከላይ ከሚተነው ውሃ ጋርም ይሄዳል። ስለዚህ ካርቶኑ ላይ ለ200 ሊትር 200 ዋት ይበቃል ቢልም አትቀበሉት። ካርቶኑ ሲታተም የታሰበው ሌላ ቤት ነው። እኛ ጋ ለዚህ ገንዳ 400 ዋት አስቡ።

አንድ ባለ 400 ግን እንዳትገዙ። ሁለት ባለ 200 ግዙ። ሂተር ሲበላሽ በሁለት መንገድ ነው። ወይ አልሠራም ይላል፣ ወይ አልጠፋም ይላል። የከፋው ሁለተኛው ነው። አንዱ ትልቅ ሂተር አልጠፋም ካለ እናንተ ተኝታችሁ ሳለ ዓሣውን ይቀቅለዋል። ከሁለቱ ትንንሾች አንዱ አልጠፋም ቢል ግን በዚህ ብርድ ብቻውን ውሃውን ቶሎ ከልክ ማሳለፍ አይችልም። አንዱ ከነጭራሹ ቢሞትም ሌላው እስከ ንጋት ይይዝላችኋል። በተጨማሪ ከሂተሮቹ ቀድሞ የሚሰካ የሙቀት መቆጣጠሪያ አለ። ውሃው 27 ሲደርስ ኃይሉን ይቆርጣል። ርካሽ ነው፣ ግዙት። ቴርሞ ሜትርም ሁለት ይሁን፤ አንዱ ሲዋሽ በሌላው ታውቃላችሁ። ውሃ ልትቀይሩ ስትሉ ደግሞ መጀመሪያ ሂተሩን ንቀሉ። ከውሃ ወጥቶ የጋለ ሂተር ውሃ ሲነካው ይሰነጠቃል።

አሁን የምነግራችሁ ዕቃ በአኳሪየም መሸጫ ዝርዝር ውስጥ አይገኝም። ለእኛ ግን ከሂተሩ እኩል ነው። የግንባታ ፎም ነው። ከ3 እስከ 5 ሳንቲ ሜትር ውፍረት ያለውን ቆርጣችሁ ከኋላና በሁለቱ ጎኖች ለጥፉ። ፊት ለፊቱ ለዓይን ይቅር። ከላይም ክዳን ያስፈልጋል። ክዳኑ ሙሉ በሙሉ አይዘጋ፤ አየር የሚገባበት ሰፋ ያለ ክፍተት ተዉና በወንፊት ሽቦ ሳይሆን በፕላስቲክ መረብ ሸፍኑት። አንዳንዱ የባሕር ዓሣ ዘሎ ይወጣል።

ክፍተቱ ለምን እንዳስፈለገ ልንገራችሁ። ውሃ ውስጥ የሚሟሟውን ኦክስጅን ሦስት ነገሮች ይቀንሱታል። ሙቀት፣ ጨውና ከፍታ። የእኛ ገንዳ ሦስቱንም አንድ ላይ ይዟል። ባሕር ጠረፍ ላይ 25 ዲግሪ የሞቀ የባሕር ውሃ አየር ሲጠግብ በሊትር 6.7 ሚሊ ግራም ገደማ ኦክስጅን ይይዛል። ደብረ ብርሃን ላይ የአየሩ ግፊት ከባሕር ወለሉ 72 በመቶ አካባቢ ነው። ያው ውሃ እዚህ አየር እስኪጠግብ ቢናጥ እንኳ 5 ሚሊ ግራም አይሞላም።

ዓሣ በዚህ ይኖራል። መጠባበቂያው ግን ትንሽ ነው። ጠረፍ ላይ ያለ ሰው ፓምፑ ቢቆምበት ረዘም ያለ ፋታ አለው። እኛ ፋታችን አጭር ነው። ድንጋዩ ውስጥ የሚኖሩት ውሃ የሚያጸዱ ባክቴሪያዎችም የሚተነፍሱት ይህንኑ ኦክስጅን ነው። ስለዚህ ምክሬ ሦስት ነው። ዓሣ አሳንሱ። የውሃው ፊት ሁልጊዜ ይናወጥ። ስኪመር ላይ ገንዘብ አትቆጥቡ።

ለማናወጡ ገንዳው ውስጥ የሚለጠፍ የማዕበል ፓምፕ አለ። ድምር ኃይላቸው በሰዓት የገንዳውን 20 እጥፍ የሚያዞር ሁለት ፓምፕ ምረጡ፤ ለእኛ ገንዳ 4,000 ሊትር መሆኑ ነው። አንዱን ወደ ላይ ቀና አድርጉት። የውሃው ፊት መስታወት መስሎ ከተኛ አየር እየገባ አይደለም።

ስኪመርን ጠጋ ብለን እንየው። ረጅም ቱቦ ነው። ከሥሩ ያለው ፓምፕ ውሃና አየር አብሮ ይስባል። አየሩ ተፈጭቶ ጥቃቅን አረፋ ይሆናል፤ ቱቦው ውስጥ ነጭ ሆኖ ታዩታላችሁ። ከምግብ የተረፈው ፕሮቲንና ቅባት፣ ከዓሣው የሚወጣውም ቆሻሻ አረፋው ላይ ይለጠፋል። አረፋው እየተገፋ አንገቱን ይወጣና ከላይ ያለው ስኒ ውስጥ ይፈሳል። ስኒው በሁለት በሦስት ቀን ጥቁር ቡናማ ፈሳሽ ይጠራቀምበታል። ሽታውን አልነግራችሁም፤ ራሳችሁ ትደርሱበታላችሁ። ያ ሁሉ ውሃው ውስጥ ቢቀር ኖሮ በስብሶ ኦክስጅኑን ይጨርስ ነበር። ስኪመሩ ቆሻሻውን ሲያወጣ አየርም ያስገባል። ሁለት ሥራ በአንድ ዕቃ ነው። ስለዚህ ለ200 ሊትር ገንዳ ለ400 ሊትር የተሠራውን ግዙ። አዲስ ሲሆን ሁለት ሳምንት ገደማ አረፋው አልረጋ ሊል ይችላል፤ ተበላሽቷል ብላችሁ አትመልሱት።

እዚህ ላይ ስለ ቤታችን ልጨምር። ሲበርደን መስኮት ዘግተን ከሰል እናያይዛለን። ቡና ይፈላል፣ ዕጣን ይጨሳል። ይህ የእኛ ኑሮ ነው፤ ቡናው ይቅር አልላችሁም። ነገር ግን ከሰሉ የሚያወጣው ካርቦን ዳይኦክሳይድ ውሃው ውስጥ ይገባና አሲዳማ ያደርገዋል። ስኪመሩም የሚስበው የክፍሉን አየር ነው፣ ከነጭሱ። ገንዳው ከከሰሉ ራቅ ይበል፤ መስኮቱም ትንሽ ይከፈት። ለሰዉም የሚበጀው ይኸው ነው። ፍሊት ግን ገንዳው ያለበት ክፍል ውስጥ በጭራሽ አይነፋ። ለነፍሳት የተሠራ መርዝ ለሽሪምፕና ለሸርጣንም መርዝ ነው።

ወደ መብራት እንምጣ። መብራት እንደሚጠፋ ሁላችንም እናውቃለን። ገንዳ የሚሞተው ብዙ ጊዜ ያኔ ነው። ሲጠፋ ሁለት ሰዓቶች መቁጠር ይጀምራሉ፤ የአየርና የሙቀት። ቀድሞ የሚያልቀው አየሩ ነው።

ለአየሩ መፍትሔው ቀላል ነው። አንድ 12 ቮልት 60 አምፔር ሰዓት የመኪና ባትሪ ውስጥ 720 ዋት ሰዓት አለ። ባትሪውን ላለመጉዳት ግማሹን ብቻ ብትጠቀሙ 360 ነው። በቀጥታ በ12 ቮልት የሚሠራ የ10 ዋት ፓምፕ በዚህ ከአንድ ቀን በላይ ይሄዳል። አሁን ሂተሩን ከዚያው ባትሪ ጋር አገናኙት እንበል። 200 ዋት ነው። ሁለት ሰዓት ሳይሞላ ያበቃል። ስለዚህ ባትሪ ለአየር ነው። በባትሪ ለማሞቅ አትሞክሩ። የአየር ፓምፑ ሊበላሽ ስለሚችል መለዋወጫ ያዙ፤ በድንጋይ ባትሪ የሚሠራ ትንሽ የአየር ፓምፕ አለ፣ አንድ መሳቢያ ውስጥ ይቀመጥ።

ለሙቀቱስ? ለሙቀቱ ከተማችን የምትታወቅበት ዕቃ አለ። ብርድ ልብስ። ምንም ያልለበሰ ባለ 200 ሊትር ገንዳ በቀዝቃዛ ክፍል ውስጥ ሂተሩ ሲቆም በሰዓት ከግማሽ እስከ አንድ ዲግሪ ሊያጣ ይችላል። ፎሙ ካለ፣ በላዩ ደግሞ ፊት ለፊቱን ጭምር በወፍራም ብርድ ልብስ ከጠቀለላችሁት በጣም ይዘገያል። ከላይ ያለውን የአየር ክፍተት አትሸፍኑ። ሌሊቱ ከረዘመ ውሃ አፍሉና በደንብ በሚከደን የፕላስቲክ ጠርሙስ ሞልታችሁ ገንዳው ላይ አንሳፍፉ። በየሰዓቱ ቀይሩት። ቀስ በቀስ ይሁን። ጄኔሬተር ያለው ሰው ይጠቀም፤ ግን ደጅ ይቁም፣ በረንዳ ላይም አይሁን። ጭሱ ሰው ይገድላል።

ኤሌክትሪክን በሚመለከት ሁለት ነገር ላክል። ከውጭ ዘመድ ዕቃ ሲያመጣላችሁ መለያውን አንብቡ። የእኛ መስመር 220 ቮልት 50 ኸርዝ ነው። የአሜሪካ መስመር 120 ነው፤ ለዚያ ብቻ የተሠራ ዕቃ እንደሰካችሁት ይቃጠላል። ሁለተኛው፣ ጨው ውሃ ኤሌክትሪክን በደንብ ያስተላልፋል። ኤሌክትሪክ ሲያፈስ ወዲያው የሚቆርጥ መከላከያ በኤሌክትሪክ ሠራተኛ አስገጥሙ። ዲቫይደሩን መሬት ላይ አትተዉት፤ ግድግዳ ላይ ከፍ ብሎ ይሰቀል። ገመዱ ወደ ሶኬቱ ከመድረሱ በፊት ወደ ታች ረገብ ብሎ ይዙር፤ በገመዱ የሚንሸራተት ጠብታ እዚያ ይወድቃል። ሶኬቱ ዙሪያ ነጭ ቅርፊት ካያችሁ ጨው ነው። ነቅላችሁ በደረቅ ጨርቅ ጥረጉት፣ ለነገ አትበሉ።

ቀጥሎ ውሃው። የቧንቧ ውሃ እንዳለ አይሆንም። ክሎሪን አለበት፣ የቧንቧ መዳብም ሊኖርበት ይችላል፤ መዳብ ደግሞ ለሽሪምፕና ኮራል ለሚባለው የባሕር እንስሳ መርዝ ነው። ስለዚህ አርኦ የሚባለው ማጣሪያ ያስፈልጋል። ውሃውን በግፊት በስስ ሽፋን ውስጥ ያሳልፈዋል። እኛ ጋ ሁለት ነገር ያዘገየዋል። አንደኛው ብርድ ነው፤ ውሃው ከ25 ዲግሪ በታች በአንድ ዲግሪ በቀዘቀዘ ቁጥር የሚያወጣው በ3 በመቶ ገደማ ይቀንሳል። ሁለተኛው ግፊት ነው፤ ከ3 እስከ 4 ባር ይፈልጋል። ከሮቶ የሚወርድ ውሃ ይህን ግፊት አይሰጥም። ለማጣሪያው የሚገጠም ትንሽ የግፊት ፓምፕ አብራችሁ ግዙ። አንድ ሊትር ንጹሕ ውሃ ሲያወጣ ሦስት አራት ሊትር ያስወግዳል። ያንን እንዳታፈሱት። ልብስ እጠቡበት፣ ጓሮ አጠጡበት።

የዝናብ ውሃስ የሚል ይኖራል። ክረምታችን ዝናብ አይነፍገንም። ከቆርቆሮ ጣሪያ የወረደ ግን ዚንክ ይዞ ነው የሚመጣው፤ እሱም ለእነዚህ እንስሳት መርዝ ነው። ይቅርባችሁ።

ጨዉ ላይ ደግሞ ብዙ ሰው ይሳሳታል። ጨው ለሸዋ እንግዳ አይደለም፤ ከአንኮበር በታች አሊዩ አምባ ድሮ የአፋር ጨው የሚራገፍበት ገበያ ነበር። ዛሬም የምንበላው ጨው ከአፍዴራ ይመጣል። እሱን አሟሙቼ ለምን አልጠቀምም? አንድ ኪሎ የባሕር ውሃ ውስጥ 35 ግራም ጨው አለ። ከዚህ 30 ግራሙ እኛ የምናውቀው የወጥ ጨው ነው። የቀረው 5 ግራም ሰልፌት፣ ማግኒዥየም፣ ካልሲየምና ፖታሲየም ነው። ካለዚያ 5 ግራም የባሕር እንስሳ መኖር አይችልም። የምግብ ጨው ላይ ደግሞ አዮዲን ተጨምሯል። ሰው ይህን ካወቀ ቆይቷል። እ.ኤ.አ. በ1853 ለንደን መካነ እንስሳት ውስጥ ለሕዝብ የተከፈተው አኳሪየም ላይ የሠራው ፊሊፕ ሄንሪ ጎስ በማግሥቱ ዓመት የተለያዩ ጨዎችን ቀላቅሎ ሰው ሠራሽ የባሕር ውሃ አዘጋጅቷል። ዛሬ ተመጥኖ በባልዲ የሚሸጠው የአኳሪየም ጨው የዚያ ልጅ ነው። ለ200 ሊትር ከ7 ኪሎ እስከ 7 ኪሎ ተኩል ይፈጃል። በየሳምንቱ 20 ሊትር ስትቀይሩ በወር ወደ 3 ኪሎ ይሄዳል። ስለዚህ ጨው ሲያልቅ መሮጥ የለም፤ ቀድማችሁ ያዙ።

ሲቀላቀል ውሃው ይቀድማል፣ ጨዉ በላዩ ቀስ እያለ ይጨመራል። ንጹሕ የፕላስቲክ በርሜል፣ አንድ ፓምፕና አንድ ሂተር ይኑራችሁ። አንድ ቀን ሲዞር ይደር።

ከዚያ መለካት ነው። ሪፍራክቶ ሜትር ግዙ፤ በእጅ የሚያዝ ትንሽ መነጽር ነገር ነው። ጫፉ ላይ ሁለት ጠብታ ታደርጋላችሁ። ክዳኑን ትጫኑታላችሁ፤ አረፋ እንዳይቀር። ወደ ብርሃን አዙራችሁ በአንድ ዓይን ታያላችሁ። ከላይ ሰማያዊ፣ ከታች ነጭ ነው። ሁለቱ የሚገናኙበት መስመር 35 ላይ ካረፈ ጨርሳችኋል። የቀይ ባሕር ውሃ ቢለካ ወደ 40 ይጠጋል፤ ለቤት ግን 35 ይበቃል። ውሃ ሲተን ጨዉ አብሮ አይሄድም። ስለዚህ የጎደለውን በየቀኑ የምትሞሉት ጨው በሌለው የተጣራ ውሃ ነው። ይህን የሚሠራ አውቶማቲክ መሙያ አለ፤ ሰው ቤት የማይውል ከሆነ ያስፈልገዋል።

የገንዳ አምፖል ላይ አልቆይም። ዓሣ ብቻ ከሆነ መካከለኛ ኤልኢዲ ይበቃል፤ በሰዓት መቆጣጠሪያ በቀን ከ8 እስከ 10 ሰዓት ይብራ። ኮራል የሚፈልግ ሰው ጠንካራ መብራት ያስፈልገዋል። ኮራል ግን ቢያንስ ዓመት ይቆይላችሁ። ድንጋይ ሠሪ ኮራል ከአገር አገር የሚዘዋወረው ሳይቲስ በሚባለው ዓለም አቀፍ ስምምነት ሥር ነው። ኢትዮጵያም አባል ናት። ያለ ፈቃድ በሻንጣ አይገባም።

ድንጋዩ ግን ሥራ አለበት። ቀዳዳ ቀዳዳ ያለው፣ ቀለል ያለ የባሕር ድንጋይ 20 ኪሎ ያህል ያስፈልጋል። ዓሣ የሚያወጣው አሞኒያ መርዝ ነው። በድንጋዩ ቀዳዳዎች የሚሰፍሩ ባክቴሪያዎች አሞኒያውን ወደ ናይትራይት፣ ናይትራይቱን ወደ ናይትሬት ይለውጡታል። ናይትሬቱን እናንተ ውሃ በመቀየር ታወጡታላችሁ። ባክቴሪያዎቹ እስኪበዙ ከ4 እስከ 6 ሳምንት ይወስዳል። ያን ጊዜ ዓሣ የለም። የጠርሙስ ባክቴሪያና ትንሽ አሞኒያ ትጨምራላችሁ፤ ሂተሩም ፓምፑም ይሠራል። የመመርመሪያ ኪት ያስፈልጋል፤ አሞኒያ፣ ናይትራይት፣ ናይትሬትና ፒኤች (የውሃው አሲዳማነት ልክ)። አሞኒያውና ናይትራይቱ ዜሮ ሲሆኑና ዜሮ ሆነው ሲቆዩ ገንዳው ደርሷል። ይህ ባዶ ወር ለእኛ ሌላም ጥቅም አለው። በዚያ ጊዜ መብራት ይጠፋል፣ ብርዱ ይመጣል፣ ዕቃው ይፈተናል። ነፍስ ሳይጠፋ ታውቁታላችሁ።

ከዚያ ሁለት ዓሣ። በሰው እጅ የተራባ ክላውንፊሽ የሚባለውን ትንሽ የባሕር ዓሣ እመክራለሁ፤ ጠንካራ ነው፣ ከባሕርም አልተያዘም። ሌላ አንድ ወይም ሁለት ትንንሽ ብትጨምሩ ከሁለት ወር በኋላ ይሁን። ለዚህ ገንዳ በዚህ ከፍታ ከዚያ በላይ አልሄድም።

ከተነሱት ጥያቄዎች ጥቂቱን ልመልስ።

አንድ ተማሪ የጀማን የኖራ ድንጋይ ገንዳ ውስጥ መጠቀም ይቻል እንደሆነ ጠየቀ። ጥሩ ጥያቄ ነው። ድንጋዩ ካልሲየም ካርቦኔት ነው፤ ኮምጣጤ ብታንጠባጥብበት ይፈላል። ጉዳዩ ድፍን መሆኑ ነው። ባክቴሪያ የሚሰፍርበት ውስጣዊ ቀዳዳ ትንሽ ነው፣ ክብደቱም ብዙ። አጥበህና አጽድተህ ከሥር ለመሠረት አንድ ሁለት ልታስገባ ትችላለህ፤ ሥራ የሚሠራው ድንጋይ ግን ከላይ ያለው ቀዳዳማው ይሁን። ሌላ ነገር የሚያብረቀርቅበትን ወይም የዝገት ቀለም ያለበትን ተወው። የባሕር ቅሪት ያለበት ድንጋይ ካገኘህም ገንዳ ውስጥ አትክተተው፤ ለዩኒቨርሲቲው አሳይ።

አንዲት እህት የጅቡቲን ውሃ በጀሪካን ብናስመጣስ አለችኝ። 200 ሊትር ማለት አሥር ጀሪካን ነው፤ ከ2 ኩንታል በላይ ይመዝናል። ጨዉ 7 ኪሎ ነው። በመንገድ ላይ ውሃው ውስጥ ያለው ሕይወት ይሞትና ይበሰብሳል፤ ወደብ አካባቢ የተቀዳ ከሆነ ደግሞ ዘይት አያጣውም። እህቴ፣ ጨዉን ብቻ አስመጪ።

አንድ አባት የመብራት ሂሳቡን ጠየቁኝ። አባባ፣ ሂተሮቹ በአማካይ 200 ዋት ቢወስዱ በቀን 4.8 ኪሎዋት ሰዓት ነው፤ በወር 144። ፓምፖቹ በዚያ ላይ ይታከላሉ። ፎሙን በደንብ ካስለጠፉ ግን ከሂተሩ ፍጆታ ብዙ ይቀንሳል። ሂሳቡ ከከበድዎ ከአምፖሉ ሳይሆን ከፎሙ ይጀምሩ።

የመጨረሻው ከሸዋ ሮቢት የመጣ ወንድሜ ነው። ጣርማበርን ወርዶ ደብረ ሲናን ካለፈ በኋላ ሁሉ ነገር ይገለበጣል። ሸዋ ሮቢት ወደ 1,300 ሜትር ነው፣ ሞቃት ነው። ያንተ ችግር ማቀዝቀዝ ነው። ሂተር አንድ ባለ 100 ይበቃሃል፣ ለቀዝቃዛው ሌሊት። ፎሙን ተወው፤ ክዳኑንም በመረብ ብቻ ሸፍን። ማቀዝቀዣ ማሽን ውድ ነው። መጀመሪያ ትንሽ ማራገቢያ ውሃው ፊት ላይ አግድም እንዲነፋ አድርገህ ስቀል፤ በትነት ሁለት ሦስት ዲግሪ ያወርድልሃል። የሚተነው ውሃ ግን ብዙ ነው። ሳምፕህ ላይ በማርከር መስመር አስምርና ጠዋት ማታ እየው፤ አውቶማቲክ መሙያ ከእኛ ይልቅ ለአንተ ያስፈልግሃል። የባትሪ አየር ፓምፑን ግን አንተም እንደ እኛ ከዓሣው በፊት ግዛ።